የላምባው ፍሪጅ ዘመን

በብቸናና በሞጣ አውራጃዎች በረዶ በእሳት የሚሠራበት ዘመን ነበር። ይህን ለዛሬ ልጆች ስነግራቸው ተረት የምተርትላቸው ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ የሕፃናቱ ክትባት የሚቀመጥበት ነጭ ፍሪጅ ከሥሩ የላምባ ማጠራቀሚያ ተሸክሞ፣ የክሩ እሳት ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ እየነደደ፣ ከላይ በኩል ውሃውን በረዶ ያደርገዋል። እሳቱ ጠፍቶ ካደረ ብልቃጡ ይሞቃል። ብልቃጡ ከሞቀ ደግሞ የዓባይን በረሃ አቋርጦ የመጣው ክትባት ከውሃ የማይሻል ሆነ ማለት ነው። የእኔ ሥራ ያ እሳት በደህና መንደዱን መከታተል፣ ፍሪጁ እምቢ ሲልም ማስተካከል ነበር። በደብዳቤ ላይ የቅዝቃዜ ሰንሰለት ቴክኒሺያን እባል ነበር፤ ሰው የሚያውቀኝ ግን «የፍሪጁ መካኒክ» ብሎ ነው።

ያኔ ጎጃም አንድ ክፍለ ሀገር ነበር፤ ብቸናና ሞጣም ከሰባቱ አውራጃዎቹ ሁለቱ ነበሩ። በ1980 ዓ.ም. ክፍለ ሀገሩ ሲከፋፈል ሁለቱም በምሥራቅ ጎጃም ሥር ሆኑ። ዋናው መንገድ በደብረ ማርቆስ አድርጎ የጮቄን ተራራ በምዕራብ እየዞረ ወደ ባሕር ዳር ሲያቀና፣ የእኛው ኮረኮንች ደጀን ላይ ተገንጥሎ በየትመን፣ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በግንደ ወይን በኩል ሞጣ ይደርስ ነበር። አገሩ የጤፍ አገር ነው። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ስለሆነ በክረምት ጎማም ጫማም ይይዛል። ከጮቄ የሚወርዱት እነሙጋና ሱሃ ሲሞሉ ደግሞ መኪናም በቅሎም ቆሞ ውሃው እስኪጎድል ይጠብቃል። እኔ ከዓመቱ ወራት ሁሉ የምፈራው ሐምሌን ነበር። በሐምሌ ፍሪጅ ተበላሸ የሚል መልእክት ቢመጣ ቶሎ መድረስ የሚባል ነገር የለም።

ሕዝቡ የመንግሥት መኪና ሲያይ በመጀመሪያ የሚያስበው ግብርን ነበር። አይፈረድበትም። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የተነሣው የጎጃም ገበሬ አመፅ ብቸናንና ሞጣን አዳርሶ ነበርና፣ ያን ጊዜ ጎልማሳ የነበሩት ሰዎች እኔ ስዞር ገና በሕይወት ነበሩ። ላንድሮቨሩ ቆሞ ከኋላው ነጭ ሣጥን ሲወርድ ሽማግሌዎቹ ቀረብ ብለው «ምን ይዛችሁብን መጣችሁ?» ይላሉ። «የልጆች መድኃኒት ማኖሪያ ነው አባቴ» ስላቸው ዝም ብለው ያዩኛል። እምነቱ የመጣው ቀስ በቀስ፣ ልጆቹ በኩፍኝ መሞታቸው እየቀነሰ ሲሄድ ነው።

ከእኛ በፊት የፈንጣጣ ክትባት ነበር። እሱ ደርቆ እንደ ዱቄት ሆኖ ስለሚመጣ ሙቀት ይችላል፤ ክትባት ሰጪዎቹ በትከሻቸው ይዘውት ቆላውን ሁሉ በእግራቸው አዳርሰዋል። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ክረምት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም ሲጀመር ግን ነገሩ ተለወጠ። ሳንባ ነቀርሳ፣ ዘጊ አነዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ፖሊዮና ኩፍኝ፣ ስድስቱን ገዳይ በሽታዎች የሚከላከሉት ክትባቶች ከፋብሪካ ወጥተው ልጁ ዘንድ እስኪደርሱ ቅዝቃዜ አይለያቸውም። በጤና ጣቢያ ደረጃ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት። የዩኒሴፉ ኃላፊ ጄምስ ግራንት እ.ኤ.አ. እስከ 1990 ድረስ ከዓለም ሕፃናት ከመቶ 80ው ይከተባሉ ብሎ የተነሣበት ዘመን ነው። ይህ ሁሉ ትልቅ ዕቅድ ብቸና ሲደርስ መጨረሻው አንድ የላምባ ክር ነበር። መብራት ቢኖርም ከተማ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም በጄኔሬተር፣ ለምሽት ብቻ። ከከተማ የወጣው ክሊኒክ ተስፋው ላምባ ነው።

ፍሪጁ እንዴት እንደሚሠራ በየሄድሁበት እጠየቅ ነበር፤ የቆሎ ተማሪው ሳይቀር ይጠይቀኛል። በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ወርቅ አካባቢ ቅኔ የሚማር ልጅ ነገር መፈልፈል ይወዳል፤ «እሳት እንዴት ውርጭ ይወልዳል?» ብሎ ከያዘኝ ሳልመልስለት አልሄድም። ነገሩ ይህ ነው። ከፍሪጁ ጀርባ ባለው የታሸገ ቱቦ ውስጥ አሞኒያ በውሃ ሟሙቶ አለ። ከሥር ያለው እሳት ሲያሞቀው አሞኒያው ከውሃው ተለይቶ በትነት ይወጣል። ላይ ደርሶ በጀርባው ባለው ቱቦ አየር ሲያገኘው ይቀዘቅዝና ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ ሃይድሮጂን ወዳለበት ክፍል ሲገባ እንደገና ይተናል፤ ሲተን የሚፈልገውን ሙቀት ከፍሪጁ ውስጥ ይወስዳል። በመጨረሻም ውሃው መልሶ ይመጠውና ዑደቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሞተር የለውም፣ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ድምፅም የለውም። ይህን የፈለሰፉት ፎን ፕላተንና ሙንተርስ የተባሉ ሁለት የስዊድን ተማሪዎች ናቸው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1922 ነው። ኤሌክትሮሉክስ ፈጠራውን ገዝቶ ለዓለም አዳረሰው። እኛ ዘንድ የመጡትም አብዛኞቹ ኤሌክትሮሉክስ ነበሩ፤ ሲቢር የሚባሉትም አልፎ አልፎ ይገኙ ነበር።

ጤና ጣቢያ ስደርስ ዓይኔ ሳያይ አፍንጫዬ ይነግረኛል። የላምባ ጭስ ከሸተተኝ እሳቱ ታፍኗል። የሽንት ዓይነት ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካለ ደግሞ ቱቦው ተበስቶ አሞኒያው እየወጣ ነው፤ ለዚያ መድኃኒት የለኝም፤ ፍሪጁ አለቀ ብዬ ሪፖርት እጽፋለሁ። ሁለቱም ካልሸተተኝ ተንበርክኬ ሥራዬን እጀምራለሁ። ከፍሪጁ ጋር አብራ የምትመጣ ትንሽ መስታወት ነበረች። እሷን ከሥር በኩል ሰደድ አድርጌ ነበልባሉን አያለሁ። ዙሪያውን እኩል የሆነ ሰማያዊ ከሆነ ደግ ነው። ጫፉ ቢጫ ሆኖ ከተንቀለቀለ ጥቀርሻ እየሠራ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ እሳቱ ቶሎ ቢጫ ይላል፤ ስለዚህ ክሩ ቆላ ላይ ከሚሆነው ዝቅ ማለት አለበት። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ብቸና ላይ ነው። ብቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ግድም ናቸውና።

ከዚያ ማጠራቀሚያውን ስቤ አወጣለሁ። የተቃጠለውን የክሩን ጫፍ አስተካክዬ እከረክማለሁ፤ አንዱ ወገን ከፍ ካለ እሳቱ በዚያ በኩል ብቻ ይነዳል። የጭስ መውጫው ቱቦ ውስጥ በሽቦ የተንጠለጠለ የተጠማዘዘ ብረት አለ፤ ሙቀቱ ዝም ብሎ ወደ ላይ እንዳያመልጥ የሚይዘው እሱ ነው። እሱን አውጥቼ፣ ቱቦውን በረጅሙ ብሩሽ ከላይ እስከ ታች እጠርጋለሁ። ጥቀርሻው ሲወርድ እጄን፣ ፊቴን፣ ልብሴን አይምርም። ቀጥሎ ውሃ ልክ አውጥቼ ከፍሪጁ ላይ አስቀምጣለሁ። ግንበኛ ለግድግዳ የሚጠቀምባት ያችው ናት። ፍሪጁ ትንሽ ካዘነበለ ፈሳሹ በቱቦው ውስጥ መንገዱን ይስታል፤ እሳቱ የቱንም ያህል ቢያምር አይቀዘቅዝም። የክሊኒኩ ወለል ጭቃ ስለሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር ይሰምጣል፤ ስለዚህ ከአንዱ እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ማስገባት የዘወትር ሥራ ነበር። ድንጋዩን መርጦ የሚያመጣልኝ ዘበኛው ነው።

ይህ ሁሉ አልቆ እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ የሚቀረው መጠበቅ ነው። የሥራው ጠባይ ዋናው ይህ ይመስለኛል። የኮምፕሬሰር ፍሪጅ መጠገንህን ወዲያው ትሰማዋለህ፤ ሞተሩ ይነሣል፣ ቱቦው ይቀዘቅዛል። የላምባው ፍሪጅ ግን ዳነ አልዳነ የሚታወቀው ማግሥቱን ነው። ስለዚህ አድራለሁ። የክሊኒኩ የሕክምና ሠራተኛ፣ ድሬሰሩ፣ ቤቱ ይወስደኛል፤ ባለቤቱ ሽሮውን ትሠራለች፤ ጠላ ካለ ይቀርባል። «ጋሼ፣ ዛሬስ እንቅልፍ የለም» ይለኛል ከእኔ በዕድሜ ባይለይም፤ ከከተማ ለመጣ ባለሙያ የሚሰጥ አክብሮት ነው። እኔም ጋሼ እለዋለሁ። እውነትም እንቅልፍ የለም፤ ሌሊት ተነሥተን ባትሪ ይዘን ግቢውን አቋርጠን እሳቱን እናያለን። ጠዋት በሩ ሲከፈት ቴርሞሜትሩ ወርዶ ካገኘነው የሁለታችን ደስታ የልደት ደስታ ነው።

አንዳንዱ ፍሪጅ እሳቱም ደህና፣ ልኩም ደህና ሆኖ እምቢ ይላል። ውስጡ ጋዙ የተዘጋበት ነው። ለዚህ አንድ የታወቀ ዘዴ ነበር፤ ክትባቱን ወደ ሣጥን አዛውሮ በአይስ ፓክ ከብቦ፣ እሳቱን አጥፍቶ፣ ፍሪጁን ገለባ ላይ በራሱ ዘቅዝቆ ማቆየት። በአንድ የደብረ ወርቅ አካባቢ ክሊኒክ ይህን ሳደርግ ተራ የሚጠብቁት እናቶች ተሰብስበው ሲያዩ አንዲት ባልቴት ቀረብ ብለው «አንተ ልጄ፣ ምን አጥፍቶ ነው እንዲህ ዘቅዝቀህ የምትቀጣው?» አሉኝ። «ሆዱ ተነፍቶ ነው እማማ፤ እስኪተነፍስ ነው» አልኋቸው። «እንደ ላም?» አሉ። «አዎ እንደ ላም።» ከዚያ በኋላ ለሌሎቹ ሲያስረዱ የነበሩት እሳቸው ነበሩ። ፍሪጁም ማግሥቱን ቀዘቀዘ።

ስለ ላምባው ብዙ ማለት እችላለሁ። አንድ ፍሪጅ በቀን ወደ አንድ ሊትር ግድም ይጠጣል። ነዳጅ በኩፖን በሚታደልበት በደርግ ዘመን ይህ ቀላል አልነበረም። በርሜሉ በዓባይ በረሃ በኩል እየተንከባለለ መጥቶ ግማሽ መንገድ ላይ ውሃ ይጨመርበታል፤ ማን እንደሚጨምረው አይታወቅም። ውሃው ከበርሜሉ ሥር ይዘቅጣል፤ ያ ውሃ ወደ ክሩ ከደረሰ እሳቱ እየተንጣጣ ይጠፋል። ስለዚህ ላምባው አንድ ቀን ሙሉ ሳይነካ ተቀምጦ፣ ከላይ በኩል ብቻ እየተቀዳ፣ በነጠላ ጨርቅ ተጠልሎ እንዲሞላ አስተምር ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ሌላ ነው። ከተማ ወጣ ሲባል ቤቱ ሁሉ የሚበራው በኩራዝ ነበር። አንድ ድሬሰር መጋዘን ውስጥ ሙሉ በርሜል ላምባ አለው፤ ቁልፉ በእጁ ነው። በቤቱ ልጁ ፈተና ደርሶበት በኩራዝ ያነባል፤ ላምባው ሲያልቅ መጽሐፉን አጥፎ ይተኛል። ደመወዙ ጥቂት ነው፤ ሱቅ ላይ ላምባ ውድ ነው። አንድ ጠርሙስ ቢቀዳ ማንም አያውቅበትም። የምነግራችሁ ሁሉም እንዲህ ነበሩ ብዬ አይደለም፤ የሚቀዱም ነበሩ። ያ ሰው ግን አልቀዳም። ለምን እንደማይቀዳ ጠይቄው «ሌሊት እሳቱ ቢጠፋ የማን ልጅ እንደምገድል አላውቅማ» አለኝ። በሥራ ዘመኔ ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ነገር ሲነገር አልሰማሁም።

በፍሪጁ በር ላይ የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት ይለጠፋል። ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትሩ ይነበብና ይጻፋል፤ እሑድ የለ፣ ፋሲካ የለ፣ መስቀል የለ። ድሬሰሩ ለገጠር ክትባት ሲወጣ የሚያነበው ዘበኛው ነው። አንዱ ዘበኛ ፊደል የቆጠረው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነበር፤ ጎልማሳ ሆኖ። ቁጥሮቹን በትልልቁ፣ እርሳሱን እየጫነ ይጽፋቸዋል። ወረቀቱን ስመረምር የማን ንባብ እንደሆነ በጽሕፈቱ ብቻ እለየው ነበር። የእሱ መስመር አንድም ቀን ተዘሎ አላየሁም።

የደጋው ችግር ሙቀት ብቻ አልነበረም። ይህን ከአዲስ አበባ የሚመጡት ተቆጣጣሪዎች እንኳ አንዳንዴ ይዘነጉታል። ከኅዳር እስከ ጥር ጮቄ ሥር ያለው አገር ሌሊት ውርጭ ይጥላል። የላምባ ፍሪጅ ደግሞ እንደ ኤሌክትሪኩ ራሱን በደንብ አይቆጣጠርም፤ ውጭው ሲቀዘቅዝ እሱም አብሮ ይወርዳል፣ ከዜሮ በታች ይገባል። የፖሊዮ ክትባት ቢረጋ ግድ የለውም። የትክትኩ፣ የዘጊ አነዳውና የመንጋጋ ቆልፉ ግን አንዴ ከረጋ ዋጋ የለውም፤ ቀልጦ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ለዚህ መለያ ነበረን፤ ሁለት ብልቃጥ፣ አንዱ በእርግጥ ያልረጋ ሌላው የሚጠረጠር፣ አብረው ይነቀነቁና ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። የረጋው ውስጡ ፍርፋሪ ይታይበታል፣ ቶሎም ይዘቅጣል። ዝቃጩን እያየን ዝም ብለን ተቀምጠን ስንፈርድ ብታዩን ዳኞች ትሉን ነበር። የሚጣል ከሆነ ይጣላል። ነገ እናቶቹ ከቆላ በእግራቸው ይመጣሉና ያን ጊዜ የድሬሰሩን ፊት ማየት ከባድ ነበር።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ቆላ መውረድ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በፋሲል ዘመን የተሠራው፣ በጣሊያን ጦርነት ጊዜ የተሰበረው ድልድይ ያለው በዚያ አቅጣጫ ነው፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ የገበያና የዘመድ መንገድ ነበር። ጠዋት ከሞጣ ጋቢ ለብሶ የወጣ ሰው ቀትር ላይ ቆላው ውስጥ ጥላ ይፈልጋል። ክትባት የያዘው ሣጥን ግን ያው ነው፤ ሌሊቱን የቀዘቀዘው አይስ ፓክ የሚቆይበት ሰዓት የተወሰነ ነው። ክትባት ሰጪዎቹን ክዳኑን በከንቱ እንዳይከፍቱት እሟገታቸው ነበር፤ እነሱ ግን ከእኔ በላይ ያውቁት ነበር። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ የፖሊዮ ዘመቻ ሲመጣ ብልቃጡ ላይ ትንሽ ምልክት መጣች። በክብ ውስጥ ያለች አራት ማዕዘን ናት፤ ሙቀት ሲያገኛት እየጠቆረች ትሄዳለች፤ የክቡን ቀለም ካከለች ብልቃጡ ይጣላል። ያቺን ምልክት ያመጣት ሰው ይባረክ። ከዚያ በፊት ክትባቱ መንገድ ላይ ምን እንደገጠመው የሚነግረን አልነበረም።

ሰው ሥራዬ ማቀዝቀዝ ብቻ ይመስለው ነበር። ግማሹ ግን ማሞቅ ነው። ያን ጊዜ መርፌ አንዴ ተወግቶበት የሚጣል አልነበረም፤ እየተቀቀለ ይመላለሳል። ለክትባት ፕሮግራሙ የመጣው መርፌ መቀቀያ በእንፋሎት የሚሠራ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ድስት ነበር፤ የሚጣደውም በላምባ ፕሪመስ ላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ ላምባ በረዶ ይሠራል፣ ሌላው ላምባ እንፋሎት ይሠራል። ፕሪመሱ ሲታወክ የፓምፑን ቆዳ አውጥቼ ቅቤ ወይም ዘይት ቀብቼ አለሰልሳለሁ፤ የደረቀ ቆዳ አየር አይገፋም። የእሳቱን ቀዳዳ በቀጭኗ ሽቦ እወጋለሁ። የድስቱ ክዳን ጎማ ካረጀ እንፋሎቱ ያመልጣል፤ ያመለጠ እንፋሎት ማለት ያልጸዳ መርፌ ማለት ነው። ጎማ በኪሴ ሳልይዝ አልወጣም ነበር። የሚጣለው መርፌ ከመጣ በኋላ ይህ ሥራ ተረሳ። በመረሳቱ ደስ ይለኛል።

በ1983 ዓ.ም. የካቲት ጎጃም ከደርግ እጅ ሲወጣ መንገዱ ተዘጋ። ላምባም ደመወዝም የሚያመጣ አልነበረም። እኔ መውጣት አልቻልሁም፤ ክሊኒኮቹ ምን እንደሆኑ የሰማሁት በኋላ ነው። የአንዳንዱ እሳት ጠፍቶ ክትባቱ ተበላሽቷል። አንዱ ግን አልጠፋም። ድሬሰሩ ከሱቅ በዱቤ ላምባ እየወሰደ፣ ባለሱቁም ሲያልቅበት ልጆቻቸውን ሊያስከትቡ የመጡት እናቶች ከየቤታቸው በጠርሙስ እያመጡ አቆይተውታል። ስደርስ ከፍሪጁ አጠገብ የተደረደሩትን ባዶ ጠርሙሶች አየሁ። የአረቄ ጠርሙስ፣ የዘይት ጠርሙስ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ። የሙቀት ወረቀቱ አልቆ በደብተር ቅጠል ላይ መስመር አስምረው ቀጥለውበታል። ወረቀቱን ተቀብዬ ፋይል ውስጥ አስገባሁት፤ ያ ፋይል ዛሬ የት እንዳለ ባውቅ ምንኛ ደስ ባለኝ።

መብራቱ እየተስፋፋ ሲመጣ የከተማው ሥራ በዛ። ቡና ቤቶች የቢራ ፍሪጅ አስገቡ፤ ሥጋ ቤቱም፣ ሆቴሉም። ያኔ የማታው ሥራዬ ኮምፕሬሰር ሆነ። የተቃጠለ ሪሌ መቀየር፣ ቱቦ መበየድ፣ ጋዝ መሙላት። ጋዙ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ የምፈልገው በኦሞ አረፋ ነው፤ አረፋው የሚነፋበት ቦታ እሱ ነው። አር 12 የሚባለውን ጋዝ በነፃ አየር ላይ እንለቀው ነበር፤ ሁሉም መካኒክ እንዲሁ ያደርግ ነበር። ኢትዮጵያ የሞንትሪያልን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1994 ከተቀበለች በኋላ ነው የኦዞን ነገር ወደ ሙያችን የገባው፤ በታዳጊ አገሮችም ያ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ2010 ቀረ። የመብራቱ ኃይል ከፍ ዝቅ ስለሚል ከተማው ውስጥ የተቃጠለ ሞተር አይጠፋም፤ ገንዘቡም ከመንግሥት ደመወዜ ይሻላል። ቢሆንም የቢራ ፍሪጅ ሠርቼ እሳቱን ለማየት ሌሊት የተነሣሁበት ጊዜ አልነበረም።

ከዚያ የላምባው ፍሪጅ ሄደ። በመብራት የሚሠራው መጣ፤ በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመርና ጤና ኬላዎች በየቀበሌው ሲሠሩ፣ ኋላም በፀሐይ የሚሠራው መጣ። የአሁኑ የፀሐይ ፍሪጅ ባትሪ እንኳ አያስፈልገውም፤ ቀን በረዶ ሠርቶ ሌሊቱን በዚያ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለክትባት ላምባ ፍሪጅ ይገዛ ማለት ትቷል። ትክክል ነው። የላምባው ፍሪጅ መጥፎ ማሽን ነበር፤ ያጨሳል፣ ይተኩሳል፣ ያረጋል፣ ቤት ሊያቃጥልም ይችላል። እንዲመለስ የሚመኝ ካለ አብሬው አልቆምም። የኮቪድ ክትባት በ2013 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ወደየወረዳው በየትኛው ፍሪጅ እንደሚቀመጥ ሳስብ፣ ያ ዘመን በማለፉ አመሰገንሁ።

የማዝነው በሌላ ነገር ነው። ያን ማሽን በሕይወት ያቆዩት ሰዎች በየትኛውም መዝገብ የሉም። የክትባት ሽፋን ይህን ያህል ደረሰ ተብሎ ሲነገር የክትባቱ ስም ይጠራል፣ የረጂው ድርጅት ስም ይጠራል፣ የሚኒስቴሩ ስም ይጠራል። ሌሊት በባትሪ እሳት ሲያዩ የነበሩት ድሬሰሮች፣ ዜሮና ስምንትን እየጫኑ ሲጽፉ የነበሩት ዘበኞች፣ ጠርሙስ ይዘው የመጡት እናቶች ግን አይጠሩም። አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ያሉትም አርጅተዋል። ይህ አግባብ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። በብቸና ወይም በሞጣ በዚያ ዘመን የተወለዳችሁና ክንዳችሁ ላይ ያቺ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ትንሽ ክብ ጠባሳ ያለቻችሁ፣ የወጋችሁ ድሬሰር በሕይወት ካለ ሄዳችሁ ጠይቁት፤ የሚነግራችሁንም ጻፉት። የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ደግሞ ንብረት ስታስወግዱ መጋዘናችሁን አንዴ እዩት። የላምባ ፍሪጅ ካገኛችሁ ለቁራሌው ከመሸጣችሁ በፊት አንዱን ከነመስታወቱና ከነብሩሹ አስቀሩ፤ በሩ ላይ የሙቀት ወረቀት ተለጥፎ ከቀረ ደግሞ አትላጡት።